ሽምብራ ከአየር የማያገኘው

ከጅዳ የባሊላ ገበታ እስከ ወሎ የዋልካ ማሳ፦ ጥራጥሬ፣ ፎስፈረስና ዝናብ አጠር እርሻ

የጅዳ አሮጌ ሰፈር አል-በለድ በረመዳን የሚደምቀው በሌሊት ነው። የተራዊህ ሶላት እንዳበቃ፣ በኮራል ድንጋይ ከተገነቡት ጥንታዊ ፎቆች ሥር ባሊላ ሻጮች ገበታቸውን ይዘረጋሉ። ባሊላ የተቀቀለ ሽምብራ ነው። ሻጩ ትኩሱን በጭልፋ ይጨልፍና ኮምጣጤ ያፈስበታል፤ ከሙን ይነሰንስበታል፤ የኮመጠጠ ቀይ ሥርና ቃሪያ ጣል አድርጎበት ለደንበኛው ያቀብላል። የሂጃዝ ሰው ቆሞ እየበላ ይጫወታል። በአዘቦት ቀን ማለዳ ደግሞ ተራው የፉል ነው፤ ከአንገተ ጠባቡ ማሰሮ እየተጨለፈ በዘይትና በከሙን ይቀርባል። በከተማዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ምድጃው ላይ የሚንተከተከው ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ ሽሮ ነው።

ሦስቱም ምግቦች የጥራጥሬ ናቸው፤ ጅዳ ግን ጥራጥሬ አታበቅልም። ከተማዋ በዓመት በአማካይ የምታገኘው ዝናብ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ነው። መካ ከዚያ ሻል ያለ ብታገኝም ለሽምብራ አይበቃም። በመካ ክልል በዝናብ የሚታረስ መሬት የሚገኘው ወደ ጣኢፍ ደጋ ሲወጣና ጎርፍ በሚደርስባቸው የቲሃማ ሸለቆዎች ነው። ስለዚህ ሂጃዝ ጥራጥሬውን የሚያገኘው በመርከብ ነው።

ሰኔ ሲገባ በጅዳና በመካ የሚሠሩ የወሎ ልጆች ስልክ ይደጋገማል። ማዳበሪያ የገበሬዎቹ ማህበር ዘንድ ስለ ደረሰ፣ ወረፋው ሳያልፍ ገንዘብ ይላክ የሚል መልእክት ነው። በቤት ሠራተኝነት፣ በሹፌርነት፣ በጥበቃ ሥራ የተገኘው ሪያል ወደ ብር ተመንዝሮ የማዳበሪያ ጆንያ ይሆናል። የሚላከው ገንዘብ በቀጥታ ከአፈር ጋር የሚገናኝበት ወር ይህ ነው።

ጆንያው እቤት ከደረሰ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን ከጅዳ ሆኖ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ማዳበሪያው ለጤፍ፣ ለስንዴ፣ ለበቆሎ ይሰጣል። ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ማሾውና ባቄላው ባዶ እጃቸውን ይዘራሉ። ምክንያቱን ቢጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ ጥራጥሬ ራሱን ይችላል፤ እንዲያውም መሬት ያለማል፤ ማዳበሪያ ለእሱ ብክነት ነው።

መልሱ ግማሽ እውነት ነው። የቀረው ግማሽ በየዓመቱ ምን ያህል እህል እንደሚያሳጣን ለማየት ጥራጥሬ ከምን ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ይጠይቃል።

ከአየርና ከአፈር

ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ጤፍም ስንዴም በዚህ ሁሉ ናይትሮጅን ተከብበው እያለ አንዲት ቅንጣት እንኳ መጠቀም አይችሉም፤ ዩሪያ የምንጨምርላቸው ለዚህ ነው። ጥራጥሬ ግን ረዳት አለው። ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች በሥሩ ውስጥ ገብተው ትናንሽ እባጮች ይሠራሉ። ተክሉ ከቅጠሉ የሚያወርደውን ስኳር ይመግባቸዋል፤ እነሱ የአየሩን ናይትሮጅን ተክሉ ወደሚጠቀምበት መልክ ይለውጡለታል።

ይህ ሥራ እጅግ ብዙ ኃይል ይፈጃል። ባክቴሪያዋ አንድ የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመስበር ቢያንስ 16 የኤቲፒ ሞለኪውሎች ታጠፋለች። ኤቲፒ በማንኛውም ሕያው ነገር ውስጥ ኃይል የሚተላለፍበት ውህድ ሲሆን የተሠራው ከፎስፌት ነው። ፎስፈረስ ያነሰው ተክል እባጮቹ ያንሳሉ፣ ቁጥራቸውም ይቀንሳል፣ ሥራቸውም ይዳከማል። ያን ጊዜ ራሱን ይችላል የተባለው ሽምብራ የናይትሮጅንም ረሃብተኛ ይሆናል። አርሶ አደሩ ቅጠሉ ገርጥቶ ሲያየው ዘሩን ወይም ዝናቡን ይወቅሳል፤ ጉድለቱ ያለው ግን ከሥር ነው።

ፎስፈረስ በአየር ውስጥ የለም። ከአለት መፈራረስ፣ ከፍግና ከአጥንት፣ ካልሆነም ከጆንያ መምጣት አለበት። አንድ ኩንታል ባቄላ ከማሳ ሲወጣ 400 ግራም ያህል ፎስፈረስ ይዞ ይሄዳል። ከአንድ ጥማድ፣ ማለትም ከሩብ ሄክታር ግድም፣ አምስት ኩንታል ያፈሰ ገበሬ ከመሬቱ ሁለት ኪሎ ፎስፈረስ ሸጧል ማለት ነው። በዚያው ምርት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 20 ኪሎ ይጠጋል፤ የዚህን አብዛኛውን አየር ይከፍለዋል። ሁለቱን ኪሎ ግን የሚተካው የለም። ጭዱ ለከብት፣ እበቱ ለኩበት፣ አመዱ ለጓሮ በሚሆንበት አገር ማሳው በየዓመቱ ይደኸያል።

ውኃ ሲጎድል

ፎስፈረስ በአፈር ውስጥ ከዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች ሁሉ ይልቅ የማይንቀሳቀስ ነው። ናይትሬት ከውኃ ጋር ይፈስሳል፤ ዝናብ ሲበዛም ታጥቦ ይጠፋል። ፎስፌት ግን ከወደቀበት ቦታ በአንድ የምርት ወቅት የሚርቀው በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ያችንም የሚጓዘው በአፈሩ ቅንጣቶች ዙሪያ ባለው ስስ የውኃ ሽፋን ውስጥ ነው። አፈሩ ሲደርቅ ሽፋኑ ይቆራረጣል፤ መንገዱም ይዘጋል። አንድ ማሳ በላብራቶሪ ሲለካ በቂ ፎስፈረስ እያለው፣ የደረቀ ጊዜ ግን ተክሉ የሚራበው ለዚህ ነው።

ይህን ነገር ከሽምብራ በላይ የሚያሳይ ሰብል የለም። በጃማ፣ በእንሳሮ፣ በአድአ ዋልካ ላይ ሽምብራ የሚዘራው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ዝናብ እምብዛም የለም፤ ሰብሉ የሚያድገው ጥቁሩ አፈር ባጠራቀመው ቀሪ እርጥበት ነው። ጥቅምት ሲገባ የላይኛው አፈር ይሰነጣጠቃል። ሥሩ ውኃ ፍለጋ ወደ ታች ይወርዳል። አርሶ አደሩ ማዳበሪያውን ላይ ላዩን በትኖት ከሆነ ፎስፈረሱ በደረቀው ሽፋን ላይ ይቀራል፤ ሥሩ ደግሞ ከታች እየጠጣ ነው። ሁለቱ ሳይገናኙ ታኅሣሥ ይደርሳል።

እንግዲህ ዝናብ አጠር በሆነ እርሻ ፎስፈረስ መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ሥሩ በሚያልፍበትና እርጥበት በሚቆይበት ጥልቀት መቀመጥ አለበት። በሶርያ ሐለብ አጠገብ፣ ቴል ሐድያ በተባለ ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመው የደረቅ አካባቢዎች ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ ይህን ጉዳይ ለዓመታት መርምሮታል። የስፍራው ዝናብ በዓመት 330 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አፈሩ ኖራማ ነው። ከዚያ የወጣው ትምህርት ግልጽ ነበር፦ ፎስፈረሱ ያነሰ አፈር ላይ፣ ከተበተነ ማዳበሪያ ይልቅ ከዘሩ ጋር በመስመር የተቀበረው በአነስተኛ መጠን የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ሌላም ትምህርት ነበረ። ፎስፈረስ ያገኘ ቡቃያ ፈጥኖ ቅጠል ያወጣና መሬቱን ይሸፍናል፤ በፀሐይ ተንኖ ሊጠፋ የነበረው እርጥበት በተክሉ በኩል ያልፋል። ሥሩም ቀድሞ ይጠልቃል፤ አበባውም ቀድሞ ይመጣል። ድርቁ ሲበረታ ፍሬው ሞልቶ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በደረቅ አገር ፎስፈረስ ምግብ ብቻ አይደለም፤ ያለችውን ውኃ ማብቃቂያም ነው። አውስትራሊያውያን ደሀ የነበረውን የደቡቡን ግጦሽና የስንዴ መሬታቸውን የለወጡት በሱፐርፎስፌት ማዳበሪያና በክሎቨር ነው፤ ክሎቨርም ጥራጥሬ ነው።

ሀዳ አሽ-ሻም

ከጅዳ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ግድም ላይ፣ በመካ ክልል ውስጥ ሀዳ አሽ-ሻም የሚባል ሸለቆ አለ። ዙሪያው ጥቁር ባዶ ተራራ፣ መሬቱ አሸዋ፣ ውኃው ከጉድጓድ የሚወጣና ጨው ያለበት ነው። የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምርምር ጣቢያ እዚህ ይገኛል። በረድፍ የተዘረጉ ቱቦዎች ለእያንዳንዱ ተክል ውኃ ያንጠባጥባሉ። ጠብታው ከሚደርስበት ክብ ውጭ ሣር እንኳ አይታይም።

በዚህ ጣቢያ የተሞከረ አንድ ጥራጥሬ አልፋልፋ ነው፤ ሰው ባይበላውም ከብት ይበላዋል። የሳዑዲ የወተት እርሻዎች ለዓመታት በከርሰ ምድር ውኃ ሲያለሙት ቆይተው፣ ውኃው እያለቀ በመምጣቱ መንግሥት የአረንጓዴ መኖ ልማት በደረጃ እንዲቆም ወሰነ። አል-መራዒ የተባለው ግዙፍ የወተት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ አሪዞና መሬት የገዛው አልፋልፋ ለማብቀልና በመርከብ ለማምጣት ነው።

ከጅዳ በስተ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቱወል በምትባል የቀይ ባሕር ዳርቻ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብደላ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ይዟል። ተመራማሪዎቹ በረሃ ላይ ያለ ሰው እርዳታ የሚኖሩ ተክሎችን ሥር ነቅለው ውስጡ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ለቀሙ። ከጂዛን በረሃ ኢንዲጎፌራ አርጀንቲያ ከሚባል ቁጥቋጦ ሥር እባጭ ውስጥ ያገኟት አንዲት ባክቴሪያ ኤስኤ-187 የሚል መለያ ተሰጣት። ኢንዲጎፌራም ራሱ ከጥራጥሬ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ በጨዋማ ውኃ በሚጠጣ ማሳ ላይ ባክቴሪያዋን ያገኘ አልፋልፋ ካላገኘው የበለጠ ምርት ሰጥቷል። ባክቴሪያዋ ተክሉ የጭንቀት ጊዜውን የሚቋቋምበትን፣ ኤትሊን የተባለውን ሆርሞን መልእክት ታነቃቃለታለች።

ግኝቱ ትልቅ ነው፤ ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ታመጣለች፤ ድርቅና ጨው የመቻል አቅም ትጨምራለች፤ አንዳንዷም በኖራ የታሰረ ፎስፌት በአሲድ ታሟሟለች። በአፈሩ ውስጥ የሌለ ፎስፈረስ መፍጠር ግን ለማንም ባክቴሪያ አልተሰጠም። በሀዳ አሽ-ሻም አሸዋ ላይም ቢሆን አልፋልፋው ከውኃው ጋር ማዳበሪያ ይሰጠዋል።

አጥንትና አለት

ከአረፋ ማግስት መካ አጠገብ ሚና ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ በጎች፣ ፍየሎች፣ ከብቶችና ግመሎች በጥቂት ቀናት ይታረዳሉ። ሥጋው እንዳይባክን እ.ኤ.አ. በ1983 የተጀመረው የአዳሂ ፕሮጀክት፣ መቀመጫውን ጅዳ ባደረገው የእስላማዊ ልማት ባንክ አስተዳደር፣ ለዓመታት ሥጋውን ለመካ ችግረኞችና በብዙ አገር ለሚገኙ ድሆች ሲያደርስ ኖሯል። ሥጋው ከተነሳ በኋላ የሚቀረው አጥንት የፎስፈረስ ጎተራ ነው። ከደረቅ አጥንት ክብደት አንድ አሥረኛው ያህል ፎስፈረስ ነውና።

ዛሬ በጆንያ የምንገዛው ማዳበሪያ የተወለደው ከአጥንት ነው። የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ገበሬዎች አጥንት እየፈጩ ማሳ ላይ ይበትኑ ነበር። አንዳንዱ መሬት ላይ ይሠራል፣ አንዳንዱ ላይ አይሠራም፤ ምክንያቱ ደግሞ የአፈሩ ጠባይ ነው። የአጥንት ፎስፌት በኮምጣጣ አፈር ይሟሟል፤ ኖራማ አፈር ላይ ግን እንደ ጠጠር ይቀመጣል። ጆን ቤኔት ሎውስ የተባለው የሮዛምስቴድ ባለርስት እ.ኤ.አ. በ1842 መፍትሔውን አገኘ፤ ፎስፌቱን በሰልፈሪክ አሲድ ቀድሞ ማሟሟት። የሱፐርፎስፌት ኢንዱስትሪ ከዚያ ጀመረ። አጥንት ሲያልቅ ፋብሪካዎቹ ወደ ፎስፌት አለት ዞሩ።

ሳዑዲ ዓረቢያ ይህን አለት በሰሜን ጫፏ፣ በኢራቅና በዮርዳኖስ ድንበር አካባቢ፣ አገኘችው። ዛሬ በረሃ የሆነው ስፍራ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ወለል ነበር፤ የባሕር እንስሳት ቅሪት ተደራርቦ ፎስፌት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው የመንግሥት ማዕድን ኩባንያ መዓደን በአል-ጀላሚድ ያወጣውን አለት ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር አጓጉዞ በባሕረ ሰላጤው ዳር ወዳለው ራስ አል-ኸይር ያደርሳል። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2011 ዳፕ የተባለውን የፎስፌት ማዳበሪያ ማምረት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ወዓድ አሽ-ሸማል የተባለው ሁለተኛው ትልቅ ሥፍራ ወደ ሥራ ገባ።

የሥራው ኬሚስትሪ ሎውስ ካደረገው ብዙም አይርቅም። አለቱ በሰልፈሪክ አሲድ ይሟሟና ፎስፎሪክ አሲድ ይሆናል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ዳፕ ይወጣል። ሰልፈሩ ከነዳጅና ከጋዝ ማጣሪያ የሚገኝ ተረፈ ምርት ነው፤ አሞኒያውም የሚሠራው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሦስቱን በአንድ አገር ያገኘ መንግሥት ብዙ የለም። ውኃ የሌላት ሳዑዲ የዓለም ትልልቅ የፎስፌት ማዳበሪያ ላኪዎች ተርታ የገባችው በዚህ ነው። ከሁሉም ቀዳሚዋ ግን ሞሮኮ ናት፤ ከዓለም የታወቀ የፎስፌት ክምችት 70 በመቶ ያህሉ በእጇ እንደሆነ ይገመታል።

ሀብቱ በጥቂት እጆች መሆኑ ለገዢ አገሮች አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2008 ባለው ጊዜ የፎስፌት አለት ዋጋ በቶን ከ50 ዶላር አካባቢ ተነስቶ ከ400 ዶላር አለፈ። እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2022 ቻይና ወደ ውጭ መላክን ስትገድብና የዩክሬን ጦርነት ሲጨመርበት ዋጋው እንደገና ተሰቀለ። ከጅዳ የሚላከው ሪያል ካለፈው ዓመት ያነሰ ጆንያ የገዛው በእንዲህ ያሉ ዓመታት ነው።

ከባሕሩ ማዶ

ኢትዮጵያ የኬሚካል ማዳበሪያዋን በሙሉ የምታመጣው ከውጭ ነው። በጅቡቲ ወደብ ይወርዳል፤ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማህበራት በኩል ቀበሌ ይደርሳል። ለረጅም ዘመን ገበሬው የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የተካሄደው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ ብዙ ማሳ የሰልፈር እጥረት እንዳለበት ካሳየ በኋላ ዳፕ በኤንፒኤስ ተተካ። በኤንፒኤስ ጆንያ ውስጥ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ በፎስፌት መለኪያ የሚቆጠር ፎስፈረስና 7 በመቶ ሰልፈር አለ። ሰልፈር ለጥራጥሬ ፕሮቲን አስፈላጊ ስለሆነ ለውጡ ለባቄላና ለሽምብራ የተመቸ ነበር። የተመቸውን ማዳበሪያ ግን እህሉ ወሰደው።

ጥራጥሬ ከአገሪቱ የእህል መሬት ከ12 እስከ 13 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ኢትዮጵያ በባቄላ ምርት ከቻይና ቀጥላ ከዓለም ሁለተኛ፣ በሽምብራ ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት። ማሾ እንኳ ቀድሞ የሸዋ ሮቢት፣ የቃሉና የከሚሴ ቆላ ገበሬ ብቻ የሚያውቀው ሰብል ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ምርት ገበያ ገብቶ ዶላር ማምጣት ጀመረ። በምርምር ማሳ ከ30 ኩንታል በላይ የሚሰጡ የባቄላና የሽምብራ ዝርያዎች ከሆለታና ከደብረ ዘይት ማዕከላት ወጥተው ሳለ፣ በገበሬው እጅ ምርቱ በአማካይ በሄክታር 20 ኩንታል ዙሪያ ነው። ለልዩነቱ ዝርያ፣ አረም፣ ውኃ የሚተኛበት ዋልካና በባቄላ ላይ የወረደው በሽታ ድርሻ አላቸው። ፎስፈረስም ድርሻ አለው፤ ከሁሉም ይልቅ በቀላሉ ሊስተካከል የሚችለው ይኸው ነው።

በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተመራው ኤን-ቱ-አፍሪካ ፕሮጀክት በኢትዮጵያ በሽምብራ፣ በባቄላ፣ በቦሎቄና በአኩሪ አተር ላይ የሠራው ሥራ ይህንኑ በገበሬ ማሳ ፈትኗል። ራይዞቢየም ያለበት ሕያው ማዳበሪያ ለብቻው፣ ፎስፈረስ ለብቻው፣ ሁለቱም በአንድነት ተሰጡ። በአብዛኛው የበለጠው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ውጤቱ ከማሳ ማሳ መለያየቱም አልቀረም፤ በብዙ ዓመት ዳፕ የፎስፈረስ ክምችት የፈጠረ መሬት ተጨማሪውን እምብዛም አይሰማውም። ሕያው ማዳበሪያውን በአገር ውስጥ የሚያመርተው መናገሻ ባዮቴክ ኢንዱስትሪ ነው፤ ዋጋውም ከአንድ ጆንያ ኤንፒኤስ እጅግ ያነሰ ነው።

የአፈሩ ጠባይ ወሳኝ ነው። ከኢትዮጵያ የሚታረስ መሬት 40 በመቶ ገደማ ኮምጣጣ ነው። እዚያ ፎስፌቱን ብረትና አሉሚኒየም ይይዙታል፤ ባቄላ ፎስፈረስ ቢሰጠውም ኖራ ካልቀደመው ሙሉ ጥቅም አያገኝም። በዝናብ አጠሩ ቆላና በብዙው ዋልካ ላይ ደግሞ ያዡ ካልሲየም ነው፤ ኖራ መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል። አንድ ምክር ለሁለቱም አይሠራም።

ከውጭ የሚመጣውን ለመቀነስ የአጥንት ጉዳይ ለኛም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በኔቸር ጂኦሳይንስ መጽሔት የወጣ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ጥናት፣ በአገሪቱ የሚጣለው የከብት አጥንት ተከስሎ ቢፈጭ ከዓመታዊው የፎስፈረስ ማዳበሪያ አቅርቦት ከሩብ ያላነሰውን ሊሸፍን እንደሚችል አስልቷል። ለጅማና ለወለጋ ኮምጣጣ አፈር ጥሩ ነው፤ ለኖራማ አፈር ግን ሎውስ እንዳወቀው አይሟሟም። በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ አጠገብ ቢቂላል ላይ የፎስፌት አለት አለ፤ ጥራቱ ዝቅተኛ በመሆኑ እስካሁን ማዳበሪያ አልሆነም። በነሐሴ ወር 2025 (እ.ኤ.አ.) ከዳንጎቴ ጋር የተፈረመው የጎዴው ግዙፍ ፋብሪካ የሚያመርተው ዩሪያ ነው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው። ፋብሪካው ተጠናቆ ቢያመርት እንኳ ፎስፈረሱ በጅቡቲ በኩል መምጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ካለችው ጆንያ ሙሉ ጥቅም ማውጣት ለሚመጡት ዓመታትም ዋናው ሥራ ነው።

ለአንድ ጥማድ

ለሽምብራና ለባቄላ የተለመደው ምክር በሄክታር 121 ኪሎ ኤንፒኤስ ነው፤ ለአንድ ጥማድ 30 ኪሎ ግድም ይሆናል። 50 ኪሎ የሚይዝ አንድ ጆንያ አንድ ተኩል ጥማድ ይሸፍናል፤ ይተርፋልም። ዩሪያ አያስፈልግም፤ በኤንፒኤስ ውስጥ ያለችው ጥቂት ናይትሮጅን እባጩ ሥራ እስኪጀምር ቡቃያውን ታቆየዋለች። ከዚያ በላይ ናይትሮጅን ቢጨመር ተክሉ ባክቴሪያዎቹን መመገብ ይተዋል።

አጣጣሉ ከመጠኑ ይበልጣል። ማዳበሪያው አይበተንም። በመስመር በተከፈተ ትልም ውስጥ ይጨመራል፤ ሁለት ጣት ያህል አፈር ይለብሳል፤ ዘሩ ከዚያ በላይ ይወድቃል። ዘርና ማዳበሪያ ከተነካኩ፣ በተለይ እርጥበት ባነሰበት አፈር፣ ጨውነቱ ቡቃያውን ያቃጥላል፤ በዘሩ ላይ የተለወሰውን ሕያው ማዳበሪያም ይገድላል። ሕያው ማዳበሪያው በጥላ ሥር ይለወሳል፤ በዚያው ቀን ይዘራል።

ሰብሉ አበባ ሲይዝ ሦስት አራት እግር በመቆፈሪያ ከነአፈሩ ነቅሎ ማየት ነው፤ በእጅ ከተመዘዘ እባጩ አፈር ውስጥ ይቀራል። እባጩ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እባጩ ከናካቴው ከሌለ፣ ባክቴሪያው ወይም ፎስፈረሱ ጎድሏል። ይህ ምርመራ ገንዘብ አይጠይቅም። የአፈር ምርመራ የሚገኝበት ወረዳ ያለ ሰው ግን ከመግዛቱ በፊት ቢያስመረምር ይሻለዋል፤ ብዙ ዓመት ዳፕ የጠገበ ማሳ ካለው ገንዘቡን ይቆጥባል።

ዝናብ ከቀረ ገንዘቡ ጠፋ ወይ የሚለው የቆላ ገበሬ ሥጋት ተገቢ ነው። ለዩሪያ ሥጋቱ እውነት ነው፤ ናይትሮጅን ይተንናል፣ ይታጠባል። ፎስፈረስ ግን ዕቁብ ነው። ሰብሉ በመጀመሪያው ዓመት የሚያነሳው ከተቀበረው ከ10 እስከ 25 በመቶውን ብቻ ነው፤ አብዛኛው በአፈሩ ተይዞ በሚቀጥሉት ዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል። ዘንድሮ ሽምብራው በድርቅ ቢጎዳ፣ ከርሞ በዚያው ማሳ የሚዘራው ጤፍ ድርሻውን ያገኛል። ጥራጥሬው የተወውም ናይትሮጅን ይጨመርለታል። በዝናብ አጠር አገር ጆንያ ለመግዛት የሚያመነታ ሰው አስቀድሞ ለጥራጥሬው ቢሰጥ ኪሳራው ያነሰ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በጅዳና በመካ ሆናችሁ ለሰኔ ማዳበሪያ ገንዘብ የምትልኩ ወንድሞችና እህቶች፣ ዘንድሮ ስልኩ ሲደውል ስንት ጆንያ ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። ለየትኛው ማሳ ብላችሁም ጠይቁ። ለሽምብራው ወይም ለማሾው አንዲት ጥማድ ለዩለት፤ 30 ኪሎ በትልም ይቀበርለት፤ ከጎኑ ያለ ማዳበሪያ የተዘራች ጥማድ ትቅር። ታኅሣሥ ላይ ሁለቱ ለየብቻ ተወቅተው ይመዘኑ። የወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤትም ለጤፍና ለስንዴ እንደሚያደርገው ሁሉ የጥራጥሬውን ድርሻ በዕቅዱ ላይ ለይቶ ይያዝ። ጥራጥሬ ናይትሮጅኑን ከአየር ያመጣል፤ ፎስፈረሱን ማቅረብ ግን የሰው ድርሻ ነው።